ቀድሞ የሚሰናዳ እራት ለቤተኛ እንግዳ፦ ሥጋ የማይበላ ሰው ሲኖር የትኛው ይመረጥ?

ቅዳሜ ማታ ስድስት፣ ቢበዛ ስምንት ሰው እራት ይመጣል እንበል። ሰርግ አይደለም፣ ማኅበርም ክርስትናም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶችና አንድ ሁለት ዘመዶች ናቸው። እንዲህ ያለውን እንግዳ ቤተኛ እንለዋለን፤ ድንኳን አያስጥልም፣ በግም አያሳርድም። ነገር ግን እንግዶቹ ሳሎን ሲጫወቱ የቤቱ ባለቤት ጓዳ ተደብቆ ሽንኩርት ሲያቁላላ ካመሸ፣ የተጠራሩበት ጨዋታ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ እራቱ ከዋዜማው ቢሰናዳ ይመረጣል። በዚህ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ ሥጋ የማይበላ ከሆነ ምርጫው ይጠባል።

ቀኑ የጾም ከሆነ ጥያቄው አይነሣም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በነቢያት ጾም ወይም በፍልሰታ 15 ቀናት ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። የሚቸግረው የፍስክ ቀን ነው። በፍስክ ሽሮው ቅቤ ይገባበታል፣ ጎመኑ በሥጋ ይሠራል፣ ምስሩም ቢሆን ሲወርድ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል ይደረግበታል፤ ሥጋ የማይበላው ሰው በሙሉ ማዕድ መካከል ሰላጣና ዳቦ ይዞ ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር ከዚህ ችግር የሚነሣ ነው፤ የተጻፈውም ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ጓዳ ከተሞከረው ነው።

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነገር

«ሥጋ አልበላም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። አንዱ ሥጋን ብቻ ትቶ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይበላል፤ ሌላው ከእንስሳ የሚገኝን ሁሉ ትቷል፤ ሦስተኛው ዓሣ ይበላል። በእኛ አገር እንግዳን ፊት ለፊት «ምን ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም፤ መልሱ «ቤት ያፈራውን» ነውና። ይዞት የሚመጣውን ወዳጅ መጠየቅ ይቀላል። መጠየቅ ካልተቻለ እንደ ጾም ቆጥሮ መሥራት ሁሉንም ያስማማል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይሏል፦ ጾመኛ ብርዝ ይጠጣል፣ ከእንስሳ የሚገኝን ሁሉ የተወ ሰው ግን ማርንም ላይቀምስ ይችላል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ምግቡ ማደሩ የሚጠቅመው ወይስ የሚጎዳው መሆኑ ነው። አንዳንዱ ወጥ አድሮ ይጣፍጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መልኩም ጣዕሙም ይለወጣል።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው፣ ትሪው ነው። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ቀጭን የሥጋ ወጥ መሐል ላይ ሲፈስ እንጀራውን ተከትሎ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ምስሩንም ይነካል። ጉርሻም አለ፤ በሥጋ ወጥ የተነከረ እጅ በፍቅር ተዘርግቶ ሲመጣ እምቢ ማለት ለእንግዳ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚመረጠው ምግብ ሥጋ የማይበላው ሰው ከሌሎቹ ጋር ከዋናው ወጥ እኩል የሚበላበት ሊሆን ይገባዋል፤ ሥጋው ለሚፈልገው በጎን ይጨመር እንጂ፣ አትክልቱ ለአንድ ሰው ተብሎ በጎን የተጨመረ አይምሰል።

ሦስተኛው የማታው ሥራ ነው፤ እንግዳ ከገባ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ምድጃ ላይ የሚያቆም ምግብ ቀድሞ ተሰናዳ አይባልም። መብራት ቢጠፋ በከሰል ወይም በቡታጋዝ ሊሞቅ መቻሉም እዚሁ ውስጥ ይገባል። አራተኛው ወጪ ነው። አምስተኛው የአገሩ አየር ነው፦ ከጣርማበር ወዲህና ወዲያ ያለው ጓዳ አንድ አይደለም። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ኅዳር ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ውጭ ያደረ ወጥ ጠዋት አረፋ ደፍቶ ይገኛል።

ምስር ወጥ

ለማደር የተፈጠረ ወጥ ቢኖር ይህ ነው። ለስምንት ሰው ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬና አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ይበቃል፤ ሌላ ሁለት ዓይነት ማባያ ካለም ይተርፋል። ሽንኩርቱ በደረቁ ተቁላልቶ፣ ዘይትና በርበሬ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ሲበስል የቆየ ምስር በማግስቱ በርበሬው ጥሬነቱን ጨርሶ ይጥላል።

ሲያድር ግን ይጠጥራል። ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ማንኪያ ይቆማል፤ ሲቆረስ እንደ ገንፎ ይነሣል። ስለዚህ ማታ ሲወርድ ከሚፈለገው በላይ ቀጠን ማለት አለበት፣ ሲሞቅም የፈላ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ በዝግታ መማሰል አለበት። ቀዝቃዛ ውኃ አንዴ ከተደፋበት ውኃውና ምስሩ ለየብቻ ይሆናሉ። መከለሻው በዋዜማው አይገባም፤ መዓዛው ሌሊቱን ስለሚጠፋ ሊቀርብ ሲል ይነስነስ። ወፍራም ስለሆነ ትሪ ላይ አይሮጥም፤ በሁለተኛው መመዘኛ ከሁሉ የሚበልጠውም ለዚህ ነው። የአተር ክክ አልጫም በዚሁ ይመዘናል፤ ልዩነቱ ሲሞቅ ቶሎ ማረሩ ነው፣ ስለዚህ ድስቱ ሥር መጀመሪያ ውኃ መቅደም አለበት።

ሽሮ፣ ወይም ይልቁንም ቁሌቱ

ብዙ ሰው ቀድሞ ሊሠራ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ሽሮ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ይወደዋል። ያደረ ሽሮ ግን ከላይ ቆዳ ያበጃል፣ ሲሞቅ ይጓጉላል፣ ምንም ቢማሰል ያ እየተንተከተከ የሚቀርበው ሽሮ አይሆንም። በመጀመሪያው መመዘኛ ይወድቃል።

ማደር ያለበት ሽሮው ሳይሆን ቁሌቱ ነው። ይህን ነጥብ ረዘም አድርጌ የማየው ሌሎቹን አማራጮች ሁሉ ስለሚነካ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በዋዜማው በአንድ ትልቅ ድስት ይቁላላል፤ ዘይት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይገባል፤ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይበስላል። ቅቤ አይገባበትም፣ ሥጋም መረቅም አይነካውም። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። በማግስቱ ከአንዱ ድስት ሽሮ በሃያ ደቂቃ ይወርዳል፤ ሌላው ድስት የሥጋ ወጥ ይሆናል፣ ቅቤውም እዚያው ይገባል። ሥጋ የማይበላውና የሚበላው ሰው ከአንድ ቁሌት በሉ ማለት ነው፤ ከወጡ ውስጥ ከባዱን ሥራ የያዘው ደግሞ ቁሌቱ ነውና ማታ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ፤ ሁለቱንም የተማርኩት በስሕተት ነው። አንደኛው ጭልፋ ነው። አንድ ማታ ሽሮውን በጥንቃቄ ለብቻው ሠርቼ፣ ሲቀርብ ግን ከበግ ወጡ ድስት ባወጣሁት ጭልፋ ሥጋ ለማትበላው እንግዳ ቀዳሁላት። ጭልፋው ጫፍ ላይ የተጣበቀች የጥፍር ያህል ሥጋ ሽሮው መሐል ተንሳፈፈች። እንግዳዋ ምንም አላለችም፤ የቆረሰችውን እንጀራ ቀስ አድርጋ ትሪው ዳር አስቀመጠችና ውኃ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ የጾሙ ድስት ጭልፋ እጀታው ላይ ክር ይታሰርበታል።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። በደጋ ቅዝቃዜ የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም የፓልም ዘይት፣ ሌሊቱን ነጭ ሆኖ ድስቱ ላይ ይጋገራል። ለሚሞቅ ወጥ ጉዳት የለውም፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ቀዝቅዞ ለሚቀርብ ምግብ ግን ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ቀዝቃዛ ማባያ የሚያስብ ሰው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይግዛ።

አዚፋና ሌሎች ቀዝቃዛ ማባያዎች

አዚፋ ማታ ምድጃ አይፈልግም፤ መብራት መጥፋቱም አይነካውም። ድፍን ምስር ተቀቅሎ ግማሹ ይደቆሳል፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይትና ጨው ይገባበትና ያድራል። ሰናፍጩ ሌሊቱን ምስሩ ውስጥ ስለሚገባ በማግስቱ የበለጠ ይጥማል። ሽንኩርትና ቃሪያ ግን በዕለቱ ይከተፉ፤ ያደረ ጥሬ ሽንኩርት ማዕዱን ሁሉ በመጥፎ ጠረን ይሞላዋል። ስልጆ የሚያውቅበት ሰው ቀድሞ ካሰበ ከዚህ ጎን ቢያቀርበው ያምራል፤ የባቄላ ዱቄቱና የሱፉ ውኃ ተማስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት እስኪኮመጥጥ ጥቂት ቀናት ስለሚፈልግ ግን በዋዜማው የሚጀመር አይደለም። የተቀቀለ ቀይ ሥር በድንችም ይመጣል፤ ብዙ የሚባልበት የለም።

የቀዝቃዛ ማዕድ ድክመት ግልጽ ነው። በታኅሣሥ ማታ በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ምግብ ብቻ ማቅረብ እንግዳን ማስቀየም ነው። ቢያንስ አንድ የሚያተን ነገር፣ የምስር ሾርባም ቢሆን፣ መቅደም አለበት። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ማታ ግን ከዚህ የሚሻል አላውቅም፤ ብቻ እዚያ አዚፋውም ማደር ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

የሽምብራ ዓሣ

የሽምብራ ዱቄት በዘይት፣ በጨውና በጥቂት በርበሬ ጠጠር ተደርጎ ይቦካል፤ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፤ ይጠበሳል፤ ከዚያ ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። ለጥሩ ሽምብራ ምንጃር ቅርብ ነው። እንግዳ ፊት ሲቀርብ ከሥጋ ወጥ አያንስም፤ የሚቆረስ፣ የሚታኘክ ነገር ስላለው ሥጋ የማይበላው ሰው «ለእኔ ተብሎ» እንደተሠራ ያየዋል፣ ሌሎቹም ይሻሙበታል። ለዚህ ተብሎ መጠኑ በሰው ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይሁን።

ቀድሞ ለማዘጋጀት ግን ሁለት ቦታ መከፈል አለበት። የተጠበሰው ለብቻው ደርቆ ያድራል፣ ወጡም ለብቻው። አንድ ላይ ካደሩ ዓሣው ወጡን ጠጥቶ ያብጣል፣ ማንኪያ ሲነካውም ይፈርሳል። ሊቀርብ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይቀላቀሉ። ድካሙ ከሁሉ ይበልጣል፣ ዘይትም ይበላል፤ ሥራው ግን የዋዜማው እንጂ የማታው አይደለም።

ድርቆሽ ፍርፍር

በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ለሳምንታት ይቀመጣል። ቁሌቱ ካለ በውኃ ይቀጥናል፣ ድርቆሹ ይገባል፣ በአሥር ደቂቃ ማዕድ ነው። ቁሌቱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የጾም፣ አንዱ የቋንጣ ፍርፍር ሊሆን ይችላል። በወጪ የሚስተካከለው የለም፤ ሳይታሰብ ለመጣ እንግዳም ያድናል። አንዳንድ ሰው ፍርፍር ቁርስ እንጂ የእንግዳ እራት አይደለም ይላል፤ ከአዚፋና ከትኩስ ጎመን ጋር ሲቀርብ ይህን የሚል ሰው ሲተርፈው አላየሁም። አንዴ ከተፈረፈረ በኋላ ግን መጠበቅ አይችልም፤ እንግዳው እጁን ሲታጠብ መጀመር ነው።

ዶሮ ወጥ

በማደር ብቻ ቢሆን አንደኛ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ለስምንት ሰው ውድ ነው፣ ድካሙም የበዓል ነው፣ ሥጋ የማይበላውን ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል። «እንቁላሉን ይብላ» የሚሉ አሉ፤ እንቁላሉ ዶሮው ወጥ ውስጥ እንደዋለ ግን ይዘነጋሉ። ለመሥራት ለቆረጠ ሰው መፍትሔው ያው ነው፦ ቅቤውና ዶሮው ከመግባታቸው በፊት ከቁሌቱ ሁለት ጭልፋ ይቀንስና የተቀቀለ እንቁላል ወይም ድንች ለብቻው ይግባበት።

ሩዝና ፓስታ

ልጆች ካሉ ይጠቅማሉ። ላዛኛ ኦቨንና መብራት ይፈልጋል፣ አይብና ወተት ስላለውም የጾም አይደለም። ሩዝ በአትክልት ርካሽ ነው፤ ግን በስሎ ለሰዓታት ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ ሆድ ያውካል፣ እንደገና ማሞቅም ሁልጊዜ አያድነውም፤ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ካልገባ በዕለቱ ቢሠራ ይሻላል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ሲያድር | ለጋራ ትሪ | የማታው ሥራ | ወጪ | የሚስማማው አየር |
|---|---|---|---|---|---|
| ምስር ወጥ | ይሻለዋል | በጣም ይመቻል | 20 ደቂቃ ማሞቅ | አነስተኛ | ደጋ፤ ቆላ ከማቀዝቀዣ ጋር |
| ሽሮ ከአደረ ቁሌት | ቁሌቱ ይሻለዋል፣ ሽሮው አይሆንም | ወፈር ካለ ይመቻል | 20 ደቂቃ | አነስተኛ | ደጋ |
| አዚፋና ቀዝቃዛ ማባያ | ይሻለዋል | በጣም ይመቻል | መክተፍ ብቻ | አነስተኛ | ቆላ |
| የሽምብራ ዓሣ | ለየብቻ ካደረ ደህና ነው | ይመቻል | 15 ደቂቃ | መካከለኛ | ሁለቱም |
| ድርቆሽ ፍርፍር | ድርቆሹ ለሳምንታት፣ ቁሌቱ ያድራል | ለሁለት ትሪ ይሻላል | 10 ደቂቃ | ከሁሉ ያነሰ | ሁለቱም |
| ዶሮ ወጥ | ይሻለዋል | አይመችም | ማሞቅ | ከፍተኛ | ደጋ |
| ሩዝ በአትክልት | ጥንቃቄ ይፈልጋል | ለብቻ ሳህን | ማሞቅ | አነስተኛ | በዕለቱ ቢሠራ |

ስለ ማሳደር

ሰው ሁሉ «ደብረ ብርሃን ራሷ ማቀዝቀዣ ናት» ይላል። ውጭው ይቀዘቅዛል፤ ምድጃ ሲነድበት የዋለ ጓዳ ግን ሌሊቱን ለብ ብሎ ያድራል። በስሎ የወረደ ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት፤ ለዚህም ትልቁን ድስት እንዳለ ከማስቀመጥ በሁለት ሦስት ሰፋፊ ዕቃ መክፈል ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማቆም ይረዳል። ሲሞቅ እስኪንተከተክ ይሙቅ፣ የሚሞቀውም የሚበላው ያህል ብቻ ይሁን። ማቀዝቀዣ የሌለው ቆላ ቤት ወጥ አያሳድር፤ ሽንኩርት መክተፍና ምስር መልቀም በዋዜማው ቢያልቅ ራሱ ብዙ ነው።

ደጋ ላይ ሌላም ስሌት አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድፍን ምስርና ሽምብራ ቆላ ከሚወስድባቸው ይልቅ እጅግ ይዘገያሉ። ከቆላ ዘመድ በስልክ የተነገረ የሰዓት ልክ እዚህ አይሠራም። ሽምብራ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ደግሞ ያውጣው።

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ምግብ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ከሥራ 11 ሰዓት የሚገባ ከሆነ፦ ዓርብ ማታ ምስር ወጥና አዚፋ፣ ቅዳሜ ጎመን ብቻ። ሥጋ ለሚፈልጉት ጥብስ ለብቻው በሳህን ይምጣ፤ ትሪው የጾም ሆኖ ይቆይ።

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ሰው የበዛ እንደሆነ አንድ ትልቅ ቁሌት፣ ከእሱ ሽሮና ድርቆሽ ፍርፍር። እንጀራ ለአንድ ሰው በሁለት ይታሰብና በዋዜማው ይጋገር፤ በደጋ መሶብ ውስጥ ያደረ እንጀራ ምንም አይሆንም።

እንግዳው አዲስ ሙሽራ፣ አማች ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ከሆነና ማክበር ከተፈለገ የሽምብራ ዓሣው ለድካሙ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ሥጋ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይቀርብም የሚያነሣው የለም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው የጠየቀው፣ እሱም ሦስተኛውን ዓሣ ከበላ በኋላ።

እንግዶቹ ግማሹ ሥጋ ካልቀረበላቸው ቅር የሚላቸው ከሆኑ አንድ ቁሌት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ፣ ሁለት ጭልፋ። የጾሙ ትሪ ለአንድ ሰው ተብሎ ጥግ ላይ አይቀመጥ፤ ቢያንስ ሦስት ሰው ይከበበው፣ የቤቱ ባለቤትም ከዚያኛው ትሪ ይብላ።